ዓይኔ ሲዞር እሰማዋለሁ

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሙዚቃ የማይከፈትበት ጂም ካለ የኔ ነው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፤ ስፒከሩ ተበላሽቶ እንደሆነ ወይም መብራት ልቆጥብ ብዬ እንደሆነ። አልተበላሸም፣ ድሮውንም የለም እላለሁ። ቅር ብሎት የሚቀር አለ፤ ይቅር። የሚቆየው ግን ሳምንት ሳይሞላው የራሱን ትንፋሽ እየሰማ መሥራት ይለምዳል፤ እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ምክንያቴን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ልጽፈው የተነሳሁት፣ እኔን የያዘኝ ነገር የያዘው ሌላ ሰው በዚህ አገር ካለ ይሄኔ ለማንም ሳይናገር ብቻውን እየፈራ ነው ብዬ ነው። የኔ ወንድም፣ የኔ እህት፣ አላበዳችሁም። መጀመሪያ ይህን ያዙልኝ።

ስሜ ይበልጣል ነው። ያደግኩት ከጉና ተራራ ሥር፣ ገሳይ ከተማ አጠገብ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከበሮ ሲይዙ ደግሞ ከየደብሩ እየመጡ የሚለምኗቸው ሰው ነበሩ። እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ እናት የሆነችኝ ታላቅ እህቴ ስመኝ ናት። እኔ ዲያቆን ነበርኩና ያባቴን ፈለግ ይዤ ደብረ ታቦር አቋቋም ልማር ገባሁ። አቋቋም ማለት ዜማው በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ፣ በእግርና በሰውነት እንቅስቃሴ የሚቀርብበት ትምህርት ነው። ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሰዓታት ሙሉ ቆሞ፣ ወገብ ሳይጎብጥ፣ እግር ሳይስት መወረብ ግን ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ከአባቴ ፊት ለፊት ቆሜ እሳቸው ከበሮውን ሲመቱ መወረብ።

ነገሩ የጀመረው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ስናድስ ነው። ከጓደኞቼ ጋር የባሕር ዛፍ ግንድ እንሸከም ነበር። እኔ ጉልበተኛ ነኝ ባይ ስለነበርኩ ወፍራሙን ግንድ መርጬ፣ ትንፋሼን አፍኜ ብድግ አደረግኩት። ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጧ አለ። አላመመኝም፤ ደምም አልወጣኝ። ምራቄን ዋጥ ዋጥ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፄ ተለወጠብኝ። ለሌላው ሰው አይደለም፣ ለራሴ ነው። ሳዜም ጋን ውስጥ ገብቼ የማዜም ይመስለኛል። እንዲያውም እኔ ስጀምር አንድ ሌላ ሰው ከውስጤ ተቀብሎ ከኔ ጋር የሚያዜም፣ ድምፁም ከኔ የገዘፈ ሆነብኝ። እሱን ላለመስማት ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። የኔታ ተቆጡ፤ ድምፅህ ምነው ሞተ፣ ቁርስ አልበላህም ወይ አሉኝ። ተማሪው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስስቅ እሱም ውስጤ ሳቀ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቤት ልሄድ ገሳይ ላይ ከመኪና ወርጄ በእግሬ መንገድ ጀመርኩ። ጉና ጉሙን ለቆታል፤ አምስት እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም። ሰው ከኋላዬ ይመጣል። ድም፣ ድም፣ ድም ይላል ኮቴው። መንገደኛ ነው፣ አብረን እንሄዳለን ብዬ ቆም አልኩና ጠበቅኩት። እሱም ቆመ። እንዴት ዋልክ ብል መልስ የለም። ስሄድ ይሄዳል፣ ስቆም ይቆማል። በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ሮጥኩ፤ እሱም ሮጠ። ደረቅ መሬት ስረግጥ ኮቴው ደረቅ ነው፣ ጭቃ ስረግጥ ጭቃ ነው። ከቤታችን አጥር ስደርስ ነው የገባኝ፤ የሚከተለኝ ሰው ከኋላዬ አልነበረም። ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር የሚራመደው።

የባሰ አታምጣ ነው፤ የባሰው መጣ። ጸጥ ባለ ቤት መጽሐፍ ዘርግቼ ሳነብ ሿ የሚል ነገር ሰማሁ። በር አሸዋ ላይ ሲከፈት እንደሚለው ዓይነት ነው። ቀና አልኩ፣ ሿ አለ። በሩን አየሁ፣ ሿ። መስኮቱን አየሁ፣ ሿ። ዓይኔን ጨፍኜ ከሽፋኑ ሥር ሳንከባልለው እንኳ ድምፁ አለ። የገዛ ዓይኔ ሲዞር እየሰማሁት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልሰማሁም ነበር። አንድ ነገር ራሴ ውስጥ ተቀምጦ እኔ የማየውን ሁሉ አብሮኝ እየዞረ ያያል ብዬ አመንኩ። ከዚያ በኋላ መስታወት ማየት ፈራሁ፤ ዓይኔን ሳይ ማን መልሶ እንደሚያየኝ እርግጠኛ አልነበርኩማ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አውቃለሁ። ግን ይህን ለማን ይነግሩታል? ለስመኝ እንኳ አልተናገርኩም።

በሰኔ የደብራችን ንግሥ ሆነ። ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ቆመ። እኛ ለወረብ በሁለት ወገን ተሰለፍን፤ ከበሮውን የያዙት አባቴ ናቸው፣ ከግራዬ በኩል። በዝግታው ደህና ነበርኩ፣ ምድር ትንሽ ዥው አለችብኝ እንጂ። ዜማው ሲደምቅ አባቴ ጠንከር አድርገው መቱ። ምድር ተነሳች። እንደ ማዞር አይደለም፤ ሜዳው፣ ምዕመኑ፣ ጥላው ሁሉ በከበሮው ምት ልክ ወደ ላይ ይዘላል። አንዴ ሲመቱ አንዴ ይዘላል፣ ሁለቴ ሲመቱ ሁለቴ። መቋሚያዬን ልተክል ስል መሬቱን አጣሁትና በታቦቱ ፊት በግንባሬ ተደፋሁ። እልልታው ቀጥ አለ። ጭንቅላቴን ቀና ሳደርግ ሴቶቹ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ ሲሸሹ አየሁ።

በታቦት ፊት፣ በከበሮ ድምፅ የወደቀን ሰው ምን ትሉታላችሁ? እኔም ብሆን ሌላ አልል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገሩ ሁሉ ካወራው በኋላ ነው እኔ የሰማሁት፤ የመሪጌታ ልጅ መንፈስ አለበት፣ ምስጋና አያስቆመውም ተባለ። ቅዳሴ እንዳልገባ በደግነት ተነገረኝ። እስክትድን ድረስ ነው አሉ። ማታ ማታ የአባቴን ጸሎት እሰማለሁ፤ ስሜን ሲያነሱ ድምፃቸው ይሰበራል። እኔ ደግሞ ተኝቼ ጣሪያውን አያለሁ፣ ሿ ይለኛል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ድምፁ ይብሳል። ላለመስማት ዓይኔን አንድ ቦታ ተክዬ የማነጋበት ቀን ብዙ ነው።

ስመኝ ደብረ ታቦር ልብስ ትሰፋለች፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም። መጀመሪያ ሐኪም ይየው ብላ ያዘችኝ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለና መርፌ አስጀመረኝ። ሌላው ደም ማነስ ነው፣ ጎመን ብላ አለኝ። ሦስተኛው ወደቅሁ ስለው የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ፤ ክኒኑ ሲያደነዝዘኝ ይውላል፤ መውደቄ ግን አልተወኝም። የኔም ጥፋት አለበት፤ የእግር ኮቴውንና የዓይኔን ነገር ለአንዳቸውም አልነገርኩ። በወረፋ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በር ዷ ብሎ ሲዘጋ ወደ ግራ ዘመም እላለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ምንም ሳይጠይቁ ትከሻቸውን አስጠጉልኝና "ተደገፍ ልጄ፣ እኔ እንደሆነ ቶሎ አልጠራም" አሉኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩ። ያን ትከሻ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

ሁለት ሙክት ተሸጦ ለውጥ ሲጠፋ አባቴ ከእንግዲህ ይበቃል አሉ። ከጉና ሥር ወዳለ ጸበል ወሰዱኝ። እዚህ ላይ እንዳታስቀይሙኝ፤ ጸበልን አላማም፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ያ ውኃ በዚያ ብርድ ሲወርድብኝ የደረሰብኝን ሁሉ የሚያስረሳ ሰላም የሰጠኝ ቀን አለ። የጎዳን ሌላ ነው። አባቴ አሰቡና፣ መንፈሱ ያልቻለው ከበሮውን ከሆነ መድኃኒቱም ከበሮው ነው አሉ። ሌሎቹም አባቶች ነገሩ አሳመናቸው። ከተጠመቅኩ በኋላ አባቴ ከግራዬ ቆመው ይመታሉ፣ እኔ እወድቃለሁ። በወደቅኩ ቁጥር ሊለቀው ነው ይላሉ፣ ጠንከር አድርገው ይመታሉ። ላባቸው ጺማቸው ላይ ይንጠባጠባል። በልጃቸው ውስጥ ያለውን ጠላት ነበር የሚመቱት።

"ማን ነህ?" ይሉኛል አንዱ አባት መስቀሉን ግንባሬ ላይ ጭነው። "ስምህን ተናገር።"

ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። እኔም አብሬያቸው እጠብቅ ነበር። የሚመልስ ያለ መስሎኝ ነበርኮ። ባፌ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወጣ፣ ማን ነኝ እንደሚል ለማወቅ ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ። የሚሰማኝ የዓይኔ ሿታ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከጋቢዬ ጫፍ ጥጥ መዝዤ ግራ ጆሮዬ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፤ ጩኸቱ መሮኝ ይሆናል። ያን ቀን ከበሮው ሲመታ ተንገዳገድኩ እንጂ አልወደቅኩም። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ አንዲት ሴት ጥጡን አይታ ኖሮ ጆሮውን ደፍኗል፣ ምስጋናውን መስማት አልፈለገም አለች። አባቴ መጥተው በጣታቸው አወጡት። አልተቆጡኝም። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ እኔን ፈርተውኛል። ከዚያ ቀን የከፋ ቀን አላየሁም። እኔም ያን ዕለት ተስፋ ቆረጥኩ፤ ጥጡን የከተተው እጅ የኔ አልነበረም ይሆናል ብዬ እጄን ሳየው ዋልኩ።

ስመኝ ለቡሄ ስንቅ ይዛልን መጣች። ጸበሉ አጠገብ ያረፍንበት መንደር በጅራፍ ድምፅ ተሞልቷል። በር ላይ ቆመን ስናወራ ከግራዬ በኩል ጅራፍ ጮኸና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ደግሞ ጮኸ፣ ደግሞ ተለጠፍኩ። እሷ ታየኛለች። ከዚያ አባቴ ወዳሉበት ገባች።

"አባ፣ ጋኔን ጅራፍም ይፈራል እንዴ?" አለች።

የቡሄ ጅራፍ ምሳሌ አለው፣ የደብረ ታቦር ብርሃን ሲገለጥ የተሰማው ድምፅ ነው ብለው ያስረዷት ጀመር። እሷ አላስጨረሰቻቸውም። "ይሁን አባ። ባለፈው ገሳይ ላይ ኢሱዙ ጥሩምባ ሲነፋ ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ እኔ ነኝ ጎትቼ ያወጣሁት። የኢሱዙውስ ጥሩምባ ምን ምሳሌ አለው?"

ባሕር ዳር ወስጄ አሳየዋለሁ አለቻቸው። ለአባቷ እንዲህ የምትመልስ ልጅ ሌላ ቤት ብትሆን ጉድ ይፈላ ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት ተነስተው ጥምጣማቸውን ጠመጠሙና ባሕር ዳር ትልቁ ሆስፒታል ድረስ እኔም እሄዳለሁ አሉ። የሚሉትን በጆሮዬ ልስማ አሉ።

በመኪና ወረታን አልፈን ባሕር ዳር ገባን። ሆስፒታሉ ውስጥ ወረፋው ለሌላ ቀን ሆነና ዘመድ ቤት አድረን ወደ ሆስፒታሉ ተመለስን። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድካም ፊቷ ላይ ይታያል። ስለ መውደቄ ጠየቀችኝ፣ በምን ድምፅ እንደምወድቅ፣ በየትኛው ጎን። አባቴ ከጎኔ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ ሳል አለህ ወይ እንደሚባለው ባለ ተራ ድምፅ እንዲህ አለችኝ።

"ዓይንህን ስታዞር ድምፅ ትሰማለህ?"

እግዜር ይመስክር፣ ነፍሴ ከኔ የወጣች መሰለኝ። ማን ነገራት? ለሰው ያልነገርኩትን፣ ለንስሐ አባቴ ያልተናገርኩትን! መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ይቺም እንደሱ ናት፣ ውስጤ ያለውን ታውቀዋለች የሚል ነበር። አባቴን አየኋቸው፤ ሳያቸው ሿ አለ። አዎ ብል ያልቅልኛል፤ መንፈሱ እንኳን ጆሮውን ዓይኑንም ይዞታል ይላሉ። ዓይኔን ጠረጴዛው ላይ ተከልኩ። እሷ አልቸኮለችም።

"አሸዋ ላይ በር እንደሚከፈት ነው" አልኳት በመጨረሻ።

"የእግርህ ኮቴስ? ጭንቅላትህ ውስጥ ይሰማሃል? ድምፅህስ ከውስጥ ይጮህብሃል?"

አለቀስኩ። እንደ ልጅ፣ ንፍጤ እስኪወርድ አለቀስኩ። እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው። ከኔ በፊት ሌላ ሰው ይህን ሰምቶታል፣ ተናግሮታል፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ እሷ ተምራዋለች። በዚያች ደቂቃ ግማሹን በሽታዬን እዚያ ወንበር ላይ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ግራ ጆሮዬ ላይ ጣቷን አድርጋ "አባቴ፣ ጠጋ ይበሉና ዓይኑን ይዩልኝ" አለቻቸው። ጫን አደረገችው። አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ወደ ላይ ሸሸ። ለቀቀችው፣ ተመለሰ። ደግማ ጫነችው፣ ደግሞ ሸሸ። መቁጠሪያው ከአባቴ እጅ ወደቀ።

በኋላ ራሴን በሲቲ ስካን አንስተው ነገሩን አረጋገጡ። እሷ ያስረዳችንን እኔም ልንገራችሁ። ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም፤ ከውስጡ ውኃ የያዙ ሦስት ትንንሽ ቦዮች አሉ፤ ቆመህ ይሁን አዘንብለህ ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የአንዱ ቦይ የአጥንት ክዳን እኔ ላይ ተከፍቷል። ከመጀመሪያውም ሳስቶ ኖሮ ግንዱን ትንፋሼን አፍኜ ሳነሳ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። ቦዩ ሲከፈት የማይገባው ድምፅ ይገባል፤ የሰውነትህ ድምፅ ሁሉ ጎልቶ ይሰማሃል፣ የዓይንህ ጡንቻ ሳይቀር። ከውጭ ብርቱ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ውኃውን ይገፋዋል፤ አንጎልህ ምድር ተገለበጠች ብሎ ያምናል። አባቴ ውኃ ማጠጣት የሚያውቁ ገበሬም ናቸውና ወዲያው ገባቸው። ሰው ቦዩን ሲሰብረው ውኃው ያለ መንገዱ ይሄዳል አሉ። እሷም እንዲያ ነው አለች።

ኮሪደር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰው ይተላለፋል፣ ስም ይጠራል። ወለሉን እያዩ "እንግዲያው ስጥልህ የከረምኩት እኔ ነኝ" አሉኝ። አባ አያውቁም ነበር፣ ለኔ ብለው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ስንገባ ከበሮውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቀሉት። በማግሥቱ የደብሩ ሰዎች ለምን ቢሏቸው ክንዴ ደከመ አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለማንም አልመቱም።

ክፍተቱን በቀዶ ጥገና መድፈን ይቻላል፤ ራስ ቅል ተከፍቶ ስለሆነ ግን ለኔ አልመከረችኝም። የሚጥል በሽታውን ክኒን ቀስ በቀስ አስተወችኝ፣ ለብርቱ ድምፅ የሚሆን ለስላሳ የጆሮ መድፈኛ ሰጠችኝ፣ ትንፋሽ አፍኜ ከባድ እንዳላነሳ አስጠነቀቀችኝ። ከዚያ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከችኝ። እዚያ ያገኘሁት ባለሙያ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ሰው የሚቆመው በጆሮው፣ በዓይኑና በእግሩ ነው፣ አንዱ ከከዳህ ሁለቱን አሠልጥናቸው፣ ከሃዲውን አትለማመጠው አለኝ።

ሥልጠናው ለሚያይ ሰው ያስቃል። ግድግዳ ላይ አንድ ፊደል ይለጠፋል፤ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ራሴን ወዲያና ወዲህ አዞራለሁ። ቀላል መሰላችሁ? መጀመሪያ ቀን አስመለሰኝ። ሲቀጥል በአንድ እግር፣ ሲቀጥል የታጠፈ ስልቻ ላይ፣ ሲቀጥል ዓይን ጨፍኖ። ቤት ስመለስ ስመኝ ጋ አርፌ ጠዋትና ማታ እሠራለሁ፤ እሷ ስፌት ላይ ሆና እያየች ሽመላ ትለኛለች። ዓይኔ ሿ ሲል ቀድሞ ልቤ ትደነግጥ ነበር። አሁን ጡንቻ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው እላለሁ። ሰው የፈራውን ነገር ስም ሲያገኝለት ፍርሃቱ ይቀንሳል፤ እመኑኝ።

ከዚያ መራመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ዳገት። ጉናን እስከ ወገቡ እየወጣሁ መመለስ ለመድኩ። ጭኔ ሲጠነክር፣ ሆዴና ወገቤ ሲይዙ፣ ምድር ብትዘምም እንኳ እግሬ ቀድሞ ያውቃል፤ ሳልወድቅ ራሴን አገኘዋለሁ። እንቅልፌ ተመለሰ። የቀደመው ቁጣዬ ለዘብ አለ። ሰብሰብ ብዬ የምሄደው ሰውዬ ቀና ብዬ መሄድ ጀመርኩ። ባለሙያው እንደኔ የሚዞርባቸውን ሰዎች እንዳለማምድ ይጠራኝ ጀመር፤ ሰው ማሠራት እንደምወድ ያወቅኩት እዚያ ነው። ሥልጠና ወሰድኩና ደብረ ታቦር አንዲት አዳራሽ ተከራየሁ። የመጀመሪያዎቹ ክብደቶቼ ሲሚንቶ የተሞሉ ጣሳዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም አልጣልኳቸውም።

ወደኔ የሚመጣው ሁሉ ደረት ለማሳበጥ አይደለም። ከወንበር ለመነሳት ሰው ይጠሩ የነበሩ ጡረተኛ መምህር ዛሬ ገበያ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ስመኝ ራሷ ከስፌት ወንበር የተረፈ ወገብ ይዛ መጥታ፣ እየተሳደበችም ቢሆን ትሠራለች። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ ስታነሳ ትንፋሽህን አውጣ፣ አታፍን። ጎረምሶቹ እልህ ይዟቸው ፊታቸው እስኪቀላ ሲያፍኑ ካየሁ ጣሳውን ከእጃቸው እቀበላለሁ። ነገረኛ ይሉኛል። ልሁን። እናንተም ልብ በሉ፦ ድምፅ የሚጥላችሁ ከሆነ፣ የገዛ ኮቴያችሁ የሚከተላችሁ ከሆነ ጸበላችሁን ተጠመቁ፣ ጸሎታችሁን ጸልዩ፣ ለሐኪሙ ደግሞ አንድም ሳትደብቁ ንገሩት። የሚያሳፍረውን አስቀድሙ፤ እኔን ያዳነኝ ያ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። አባቴ የሐኪሟን ቃል ለደብሩ አስተዳዳሪ ደጋግመው አስረድተው፣ በወደቅኩ በሁለተኛው ዓመት ንግሥ እንድቆም ተፈቀደልኝ። ጆሮዬን ደፈንኩ፣ መቋሚያዬን ያዝኩ። ሰው ግን የአፍ ፈቃድ ሰጠ እንጂ ልቡ አልሰጠም። ስሰለፍ ከግራም ከቀኝም ፈቀቅ አሉ፤ አንድ ሰው ተዘርግቶ የሚወድቅበት ያህል ባዶ ቦታ ተውልኝ። ከበሮ መቺው የዚያን ቀን ታሞ ቀረ፤ ሌላው ደግሞ በኔ ላይ መምታት ፈራ። ከበሮው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል፣ ታቦቱ ቆሟል። ሁሉም አባቴን ያያል።

መጡ። ማንገቻውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና ባዶው ቦታ ውስጥ ገብተው ፊት ለፊቴ ቆሙ። እጃቸውን አነሱ። አልመቱም። እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ፤ ደግሞም የምፈልገውን አወቅሁ።

"አባ፣ ይምቱት" አልኳቸው። "እኔ እቆማለሁ።"

መቱት። ምድር ዘመመች። ጥምጣማቸው ላይ ዓይኔን ተከልኩ፣ ዓይኔ ሿ አለ፣ ተውኩት። ተረከዜ መሬቱን ፈልጎ አገኘው። ሁለተኛ መቱ፤ ሕዝቡ ወደ ላይ ዘለለ፣ ወረደ፣ እኔ ግን ባለሁበት ነበርኩ። አባቴ ጉንጫቸው እየራሰ መምታታቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ቆሜ አብሬያቸው ወረብኩ።